አሰልጣኝ ነኝ፤ ልጃችሁን ስትልኩልኝ ጠይቁኝ

ድሬዳዋ ውስጥ የሰፈር ልጆችን እግር ኳስ አሰለጥናለሁ። ክለብ አይደለንም። ደሞዝ የለም፣ የራሳችን ሜዳም የለም። ደረቅ ሲሆን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እንሰራለን፤ ሲፈቀድልን ደግሞ ሳቢያን ሰፈር ያለ የትምህርት ቤት ሜዳ እንጠቀማለን። ልጆቹ ከ10 እስከ 15 ዓመት ናቸው። ወንዶቹ ይበዛሉ፤ ሴቶቹም እየጨመሩ ነው።

ልጅ ሊያስመዘግብ የሚመጣ ወላጅ የሚለኝ ነገር አንድ ዓይነት ነው። «ኮች፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጅህ ነው። ካጠፋ ግረፈው፣ ብቻ ሰው አድርግልኝ።» ከዚያ ይሄዳል። ስልኬን ሳይይዝ የሚሄድ አለ። ሙሉ ስሜን የማያውቅም አለ። ልምምድ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ የሚጠይቀኝ ወላጅ በጣት የሚቆጠር ነው።

ይህ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ድሬ ውስጥ ልጅ የሰፈር ነው። ጎረቤት ቤት ገብቶ ይበላል፣ ከመሸም እዚያው ያድራል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው አንድ ግቢ ውስጥ «ያንተ ልጅ፣ የኔ ልጅ» ሳይባባል ነው ያሳደገን። ከተማዬን ከምወድበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

ስፖርት ላይ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። እንዲህ በጅምላ አትመኑኝ። ጠይቁኝ።

ስለ ሌላ አሰልጣኝ አይደለም የማወራው፣ ስለ ራሴ ነው። ልጅ የሚጎዳ ሰው ግንባሩ ላይ አይጻፍበትም። ሜዳ ላይ ስታዩት ከእኔ አይለይም። እንደውም ከእኔ ይልቅ ትሁት፣ ከእኔ ይልቅ ለጋስ፣ ልጆች የሚሮጡለት፣ እናቶች የሚመርቁት ሰው ሊሆን ይችላል። ወላጅ እኔን ያለ ጥያቄ ሲያምነኝ፣ በዚያው በር ሌላውም ይገባል።

እንግሊዝ አገር ባሪ ቤኔል የሚባል አሰልጣኝ ነበር። ክሩ አሌክሳንድራ በሚባለው ክለብ ሲሰራ፣ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች አይቶ በመለየት ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ልጆቹ እሱ ቤት ያድሩ ነበር። ቤቱ ለልጅ ዓይን የሚማርክ ነገር የሞላበት ነበር። ልጁ በእሱ የተመረጠለት ወላጅ ደስታውን አይችለውም ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ አንዲ ዉድዋርድ የተባለ የቀድሞ ተጫዋች፣ በ43 ዓመቱ፣ ስሙን ሳይደብቅ ልጅ እያለ በዚህ ሰው የደረሰበትን ወሲባዊ ጥቃት ተናገረ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ጎልማሳ ወንዶች ተከታትለው ወጡ። ቤኔል በ2018 እ.ኤ.አ. የ31 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በ2023 እዚያው እስር ቤት እያለ ሞተ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ራሱ ያስጠናው ምርመራ በ2021 ሲወጣ፣ ከ1970 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በአገሪቱ እግር ኳስ ውስጥ ቢያንስ 692 ተጎጂዎችና 240 ተጠርጣሪዎች ተቆጥረው ነበር።

ይህንን ስናገር «ኧረ ኮች፣ እሱ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። የፈረንጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ የኛ የወንጀል ህግ አንቀጽ ባላወጣለት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ህግ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ላይ ለሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድፍረት እስከ 25 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ይደነግጋል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም በሌላ አንቀጽ ይጠብቃል። እዚያ አንቀጽ ላይ ደግሞ ልጁ የድርጊት ፈጻሚው ተማሪ ከሆነ፣ ወይም እንዲጠብቀው በአደራ የተሰጠው ከሆነ፣ ቅጣቱ ይከብዳል። ህጉን የጻፉት ሰዎች አደራ ምን ያህል ሊበላ እንደሚችል ያውቁ ነበር ማለት ነው።

«ወንድ ልጅ ምን ይሆናል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሴት ልጃቸውን ከልምምድ ሊወስዱ የሚመጡ ወላጆች ወንዱን ብቻውን ይለቁታል። አንዲ ዉድዋርድ ወንድ ነው። ቤኔል የጎዳቸው ወንዶች ልጆች ናቸው። ወንድ ልጅ ላይ ሲደርስ ዝምታው ይረዝማል እንጂ ጉዳቱ አያንስም። «ወንድ አይደለህም» እንዳይባል የሚፈራ የ11 ዓመት ልጅ አፉን ቢከፍሉት አይናገርም።

አሁን ወደ ሜዳችን ልመለስ። እናቱ «ከፊራ» በሚባለው ገበያ አትክልት የምትሸጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ አለን። ግራ እግሩ ለጉድ ነው። አንድ ቀን ማታ ልምምድ ላይ አዲስ ታኬታ አድርጎ መጣ። ጥቁር ነው፣ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ መስመር አለው። የማሰሪያው ጫፍ እንኳ ገና አልቆሸሸም። ልጆቹ ከበውት ይነካኩለታል። እሱ ግን ደስ ያለው አይመስልም፤ እግሩን ወደ አሸዋው ይቀብረዋል።

«ማን ገዛልህ?» አልኩት።

«ጋሼ ናቸው።»

ጋሼ የሚላቸው ሰውዬ ሜዳ ዳር ቆመው የሚያዩ፣ አንዳንዴ ለልጆቹ ውሃ የሚገዙ ሰው ናቸው። ብዙ ሜዳ ላይ እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም፤ አብዛኛውም ኳስ ስለሚወድ ብቻ የሚመጣ ነው።

«እናትህ ታውቃለች?»

ዝም አለ። ቆይቶ «ለማንም እንዳትናገር ብለውኛል፣ ሌሎቹ ይቀናሉ ብለው» አለኝ።

ታኬታ ውድ ነው። የዚህ ልጅ እናት ለወራት ብታጠራቅም ለመግዛት ይከብዳታል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ልጅ ታኬታ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰጪውም ትልቅ ሰው ይሆንበታል። እኔን ያስደነገጠኝ ታኬታው አይደለም። «እንዳትናገር» የሚለው ነው። አዋቂ ሰው ከልጅ ጋር ምስጢር የሚጋራበት ምንም በጎ ምክንያት የለም። ልጅን ለጥቃት የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ የሚሰራው ይህንን ነው። ስጦታ ይሰጣል፣ «አንተ ከሌሎቹ ትለያለህ» ይላል፣ ትንሽ ምስጢር ያሲዛል። ልጁ ትንሿን ምስጢር ከጠበቀ ትልቋንም እንደሚጠብቅ ያውቃል። በዚያ ላይ ልጁ ስጦታውን ተቀብሏልና ባለዕዳ ይሆናል፤ ቢናገር ጥፋተኛ እሱ የሚሆን ይመስለዋል።

በዚያው ምሽት ልጁን ይዤ እናቱ ጋ ሄድኩ። በማግስቱ ደግሞ ሰውዬውን፣ ሌሎች ወላጆች ባሉበት፣ በትህትና ነገርኳቸው። «ለልጆቹ መስጠት ከፈለጉ ለቡድኑ ይስጡ፤ በዝርዝር እንመዘግበዋለን፣ ወላጆች ሁሉ ያውቁታል።» እሺ አሉ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ አላየኋቸውም። ምን አስበው እንደነበር መመርመር የእኔ ስራ አይደለም። የእኔ ስራ በሩን መዝጋት ነው። ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይህ ነው፦ ስጦታ ለቡድኑ እንጂ ለአንድ ልጅ አይሰጥም፤ ከእኔም ቢሆን።

ሌሎቹን ደንቦች ልንገራችሁ፤ እኔን ስትጠይቁኝ እነዚህን ጠይቁኝ።

ከአንድ ልጅ ጋር ብቻዬን ሰው በማያየን ቦታ አልሆንም። ልጅ ማናገር ካለብኝ ሜዳው መሀል፣ ሌሎቹ እያዩን፣ ድምፃችን ሳይሰማ ግን እየታየን እናወራለን። አንድን ልጅ ለብቻው ባጃጅ ላይ ጭኜ ወደ ቤት አላደርስም፤ ከመሸ ሁለት ሦስት ሆነው በአንድ ላይ ይሄዳሉ፣ ወይም ወላጅ ይመጣል። ልጆቹ ልብስ ሲቀይሩ እኔ ውጭ ነኝ። ለልጅ በቴሌግራም የግል መልዕክት አልልክም። የቡድኑ ግሩፕ አለ፣ ወላጆች እዚያ ውስጥ ናቸው፣ ሰዓት ቢቀየርም እዚያ ነው የምጽፈው። አሰልጣኝ ለ13 ዓመት ልጅ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ «ተኛህ?» ብሎ የሚጽፍበት ጉዳይ የለም። የልጃችሁን ስልክ ለማየት የምታፍሩ ካላችሁ አትፈሩ፣ እዩ።

«ይህን ልጅ ለብቻው ላሰልጥነው፣ ትልቅ ቦታ ይደርሳል» የሚል ሰው ሲመጣ ጆሯችሁ ይቁም። ልጁ እውነት ትልቅ ቦታ ሊደርስ ይችላል። ታዲያ ለብቻው ከሆነ እናንተም ተገኙ። ልምምድ ወላጅ የማይገባበት ቅዱስ ቦታ አይደለም። «ወላጅ ሲመጣ ልጆቹ ይረበሻሉ» የሚል አሰልጣኝ ካያችሁ፣ ልጆቹ ይረበሹ።

አባቶች ሆይ፣ አስር ሰዓት ላይ አብዛኞቻችሁ በርጫ ላይ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሜዳ ዳር የማያቸው ሁልጊዜ እናቶች ናቸው፤ ያውም ከገበያ ሲመለሱ፣ ዘንቢላቸውን እንደያዙ። በሳምንት አንዴ ተነሱና ኑ። ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ ማየት ብቻ። መጥፎ ሰው የሚፈራው ሰው የሚመላለስበትን ሜዳ ነው።

ሰው ብዙ የማያነሳው ሌላ ነገር አለ፤ ዕድሜ። ዕድሜ መቀነስ በኛ ኳስ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ አንካካድ። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት ኤምአርአይ በሚባል የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ መሣሪያ እያስመረመረ ዕድሜያቸውን የሚያጣራው ዓለም ሁሉ ስለሚያጭበረብር ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ «ውድድሩ ፍትሃዊ አይሆንም» ይባላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከ15 ዓመት በታች ተብሎ የተመዘገበው ልጅ 19 ዓመቱ ከሆነ፣ ጉዞ ላይ ከ12 ዓመት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ያድራል። ጢሙን ተላጭቶ የመጣ ወጣትና ጥርሱን ገና ያልጨረሰ ልጅ አንድ ፍራሽ ላይ! ጥቃት የሚያደርሰው አሰልጣኝ ብቻ አይደለም፤ የቡድን ጓደኛም ሊሆን ይችላል። በዕድሜ ላይ የሚዋሽ ወላጅና አሰልጣኝ ዋንጫ ብቻ አይደለም የሚሰርቀው።

ወጌሻም እንዲሁ። ልጅ ጭኑ ሲሸመቀቅ ወጌሻ ይነካዋል፣ ስራው ነው። ግን ላሪ ናሳርን አስታውሱ። የአሜሪካ ጂምናስቲክ ብሔራዊ ቡድን ሐኪም ነበር። «ህክምና ነው» እያለ ልጃገረዶችን ለዓመታት አጠቃ። አንዳንዴ እናትየዋ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ እሱ በጀርባው ከልሏት። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፍርድ ቤት ፊት ቀርበው የደረሰባቸውን የተናገሩት ከ150 በላይ ነበሩ፤ ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ቀደም ብለው ተናግረው ነበር። ሰሚ ነው ያጡት። የስሙ ትልቅነት ከልጆቹ ቃል በለጠ። ስለዚህ እኛ ሜዳ ላይ ወጌሻ ልጅ የሚያየው ሁሉም በሚያይበት፣ ከልብሱ በላይ፣ ሌላ አዋቂ ከጎኑ ቆሞ ነው። ልጁ «እዚህ ጋ አይንካኝ» ካለ አይነካም። አለቀ።

«ካጠፋ ግረፈው» ላላችሁኝም መልሴ ይኸው። አልገርፍም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና ልጆችን በሚያሳድጉ ተቋማት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ መሆናቸውን ይደነግጋል። እኔ ደግሞ ከህጉ ውጭ የራሴ ምክንያት አለኝ። አሰልጣኝ በጥፊ ሲመታው ዝም ማለት የለመደ ልጅ፣ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሲያደርገውም ዝም ይላል። «ሰውነትህ የአዋቂ ነው» ብለን በዱላ አስተምረን፣ በኋላ «ለምን አልጮህክም» ብንለው ምን ይመልስልናል? ድሬ ፀሐይ ውስጥ ያለ ውሃ ሜዳ እየዞሩ መሮጥም ቅጣት አይደለም፤ ልጅ ሊገድል ይችላል። ስድቡም እንደዚሁ። «አንተ ደደብ» እየተባለ ያደገ ተጫዋች ኳሱን ሲያገኝ የሚያስበው ስለ ኳሱ አይደለም።

ስለ ደላሎች በአጭሩ። ጅቡቲ ቅርባችን ነው፣ «ውጭ ክለብ አገኘሁለት» የሚል ሰው ቢመጣ ነገሩ ቀላል ይመስላል። የፊፋ ደንብ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከአገር አገር እንዲዛወር አይፈቅድም። የ15 ዓመት ልጃችሁን ውጭ አስፈርመዋለሁ ብሎ ብር ወይም ፓስፖርት የሚጠይቃችሁን ሰው በዚህ ብቻ ማወቅ ትችላላችሁ።

አሁን ከባዱ ክፍል። ልጁ ቢናገርስ?

ልጅ ብዙ ጊዜ በቀጥታ አይናገርም። ኳስ ሲባል ከእንቅልፉ የሚነሳው ልጅ በድንገት «ልምምድ አልሄድም» ይላል። ሆዴን አመመኝ ይላል። አንድ ሰው ሲመጣ ይሸሻል። ማታ አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል። ይህ ሁሉ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ብቻ «ሰነፍክ» ብላችሁ በግድ አትላኩት። ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ደግሞ እንደ መርማሪ አታውጣጡት። «አምንሃለሁ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለት በቂ ነው። ልጅ ፊታችሁን ነው የሚያነበው። ከጮሃችሁ፣ ከደነገጣችሁ፣ የነገራችሁን ያቋርጠዋል።

የደረሰው በቅርቡ ከሆነ ልጁን ሳታጥቡ፣ ልብሱን ሳታጥቡ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል። ልብሱን በላስቲክ አትቋጥሩት፣ በወረቀት ያዙት። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ህጻናት ጉዳይ ክፍልን ጠይቁ። የቆየ ቢሆንም ሂዱ።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ። ሽማግሌ አትሰብስቡ። ሽምግልና እወዳለሁ፤ ድሬ ውስጥ ስንት ጠብ በሽማግሌ ሲበርድ አይቻለሁ። የተሰረቀ በግ፣ የድንበር ጭቅጭቅ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ በዚያ ይለቅ። ልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ግን እርቅ የለውም። ሽማግሌዎቹ ካሳ ቆርጠው፣ አጥፊው ጉልበት ስሞ፣ ቡና ተጠጥቶ ሲበተን ልጁ ምን አገኘ? ሰውዬው ደግሞ ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደ ሌላ ሜዳ ይሄዳል። «የቤተሰቡ ስም እንዳይጠፋ» የሚሉ አሉ። ስሙ መጥፋት ያለበት የአጥፊው ነው።

እኔ ላይ ቅሬታ ካላችሁም ለእኔ አትንገሩኝ። ከወላጆች መካከል ሁለት ሰዎች መርጠናል፣ አንዷ ሴት ናት። ስልክ ቁጥራቸው ግሩፑ ላይ ተለጥፏል። ልጆቹም ያውቋቸዋል። ማንን እንደሚጠሩ ልጆቹን በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በሶማሊኛም ነግረናቸዋል፤ የደነገጠ ልጅ የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው።

በዚህ ክረምት ሐረር ለወዳጅነት ጨዋታ እንሄዳለን። ደንገጎን ወጥተን፣ በሐረማያ አልፈን፣ ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን፤ አዳር እንዳይኖረው ብዬ ነው ጨዋታውን ወደ ጠዋት ያስመጣሁት። ሁለት ሚኒባስ ነው፤ በእያንዳንዱ ሁለት አዋቂ ይኖራል። የልጆቹ ዝርዝርና የወላጅ ስልክ በወረቀት ተጽፎ በሁለቱም መኪና ይኖራል። ከሴቶቹ ጋር የምትሄድ አንዲት እናት ስሟን ሰጥታኛለች። ሁለተኛ ሴት ያስፈልገኛል። ሁለተኛ ካልተገኘች ሴቶቹን ይዤ አልሄድም፤ ይህንን ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ፣ ተናደውብኛል። የምትችሉ እናቶች፣ እህቶች፣ አክስቶች ካላችሁ እስከ ቅዳሜ አሳውቁኝ። የትራንስፖርቱን እኛ እንችላለን፣ ምሳም አለ።